ያልተገለጸች ሰዓት

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከደብረ ሲና በላይ ባለው ዳገት የሚኖር ሰው ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ደጁ ላይ ይቆማል። ፊቱን ታጥቦ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ በመቃኑ ላይ ወዳለችው መዝጋቢ ዓይን ቀና ይልና «እንደምን አደራችሁ፣ ባለድርሻዎቻችን» ይላል። ከዚያ የትናንት ውሎውን ይናገራል፤ ስንት ባልዲ የዝናብ ውሃ እንዳቆረ፣ የትኛው ችግኝ እንደ ጸደቀ፣ የታመመች አማቱን ማን እንዳገላበጣት። ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ነው። ሲጨርስ ከዓይኗ ሥር ባለችው መስታወት ላይ በዚያ ቤት መልካም ምግባር ገንዘባቸውን ያኖሩ ሰዎች ቁጥር ይወጣል። ሰውየው ቁጥሩን አይቶ ይገባና ቁርሱን ይበላል፤ ወይም አይበላም።

የናሆም ቤት ባለድርሻዎች ሐምሌ ሲገባ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። የኖርዌይ አዋላጆች የጡረታ ገንዘብ አለበት፤ አንድ የኮርያ ገዳም አለበት፤ የአዳማ መምህራን አሉበት። ስማቸውን ያልገለጹ አንዲት አሮጊትም ለሞተ ውሻቸው መታሰቢያ ብለው ገብተዋል።

ከናሆም በታች፣ በዚያው ገደል አፋፍ ላይ የሚኖረው የያብስራ ቤት አንድም ባለድርሻ አልነበረውም። ያብስራ ግን ሕግ ነውና በየማለዳው ይቆማል። «እንደምን አደራችሁ» ይላል፣ ለማንም። ልቡ ያለው ላይኛው ደጅ ላይ ነው፤ የናሆም መስታወት ሲበራ ብርሃኑ ታች ድረስ ይታያልና፣ ቁጥሩ የጨመረ ቀን ብርሃኑ ትንሽ ከረር ስለሚል፣ ያብስራ ፊቱን ሳያዞር ያውቀዋል።

ከናሆም ጋር እኩዮች ናቸው። አምሳን በአንድ ዓመት ተሻገሩ፣ አንድ ጽዋ ይጠጣሉ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ይጠይቃል። ክፉ ተነጋግረው አያውቁም። ቢነጋገሩ ኖሮ ሳይሻል አይቀርም ነበር።

ሦስት ዓመት ተከታትሎ አንድም ባለድርሻ ያልገባበት ቤት ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከሮቢት ባሻገር በረድፍ ተሠርተው ወደሚጠብቁት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች። ቅጣት አይባልም። «ማሸጋገር» ነው የሚባለው። መኪናው በነጻ ነው፣ ሾፌሩም ትሑት ነው፣ መሬቱ ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል። የያብስራ ሦስተኛ ዓመት ነሐሴ ሠላሳ ቀን ይሞላል። የአባቱም የአያቱም እርከን ያለው እዚያው ነው፤ እሱ ራሱ ድንጋይ ካቢ ነው፣ በዚያ ዳገት ላይ እጁ ያልነካው ካብ ጥቂት ነው።

ሰውየው ምግባረ ቢስ ሆኖ አይደለም ባለድርሻ ያጣው። ቀድሞ ሠላሳ አንድ ነበረው። እናቱ ሲሞቱ ግን ተዝካራቸውን እንደ ጥንቱ አወጣ፤ በሬ አረደ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በባሕር ዛፍ ግንድ እሳት ወጥ አንተከተከ። ጭስ በባለድርሻ ዘንድ ጥፋት ነው፤ ከጓሮ ሲነሣ ዓይኗ አየች። ካህናቱ ጸሎቱን ሳይጨርሱ ሠላሳ አንዱም ወጡ። ናሆም ይህን አይቶ ተምሮ ኖሮ፣ በዓመቱ አባቱ ሲያርፉ ንፍሮውን በፀሐይ ምድጃ ቀቀለ፤ በበሬው ፈንታ አርባ የወይራ ችግኝ ተከለ። በሳምንቱ ባለድርሻው እጥፍ ሆነ። ያብስራ ያን ቀን ንፍሮውን እየዘገነ፣ ለዚህ ሰው የአባቱ ሞት እንኳ ይመነዘርለታል ብሎ አሰበ። ወዲያው ደነገጠና አማተበ፤ አሳቡ ግን በማማተብ አልሄደም።

በሥላሴ ማግስት ለንስሐ አባቱ ለአባ ሀብተ ሥላሴ ሄዶ ተናዘዘ። ሌላ ሌላውን አስቀድሞ፣ ቅናቱን መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረገው። አባ ሀብተ ሥላሴ አሮጌ ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው ሁሉንም ሰሙና፣ የያዙት ያንኑ መጨረሻ ላይ የተጣለውን ነበር። በምኑ እንደሚቀና ጠየቁት። በቁጥሩ ነው አለ። ከዚያ በሚስቱ ሳቅ፣ ከዚያ በጥላው፣ ከዚያ ናሆም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማውን በሚያወልቅበት እርጋታ እንደሚቀና ተናገረ። ሲናገር ለራሱም ገረመው፤ ያን ያህል አልመሰለውም ነበር።

«አርባ ቀን ለእሱ ትሠራለታለህ» አሉት። «በየቀኑ አንዲት ሰዓት። እሱ አይወቅ፣ ሚስትህ አትወቅ፣ ያቺ መቃን ላይ ያለችው አትወቅ። አርባው ካለፈም በኋላ ለማንም አትናገራትም።»

ያብስራ ስግደት እንዲያዙት ለመነ። አምስት መቶም ቢሆን፣ ሺህም ቢሆን እንደሚሰግድ ነገራቸው።

«ስግደቱንማ ትወደዋለህ» አሉት አባ። «ለዚያ ነው ያልሰጠሁህ።»

የናሆም ግርጌ ካብ ከሁለት ክረምት ወዲህ ሆድ አውጥቷል። በሦስት ቦታ ተደርምሶ አፈሩ ወደ ያብስራ ጓሮ ይወርዳል። ያብስራ ይህን ካብ ሲያይ ሁለት ዓመት ሙሉ ደስ ሲለው ኖሯል፤ የዚያን ሰው ስንፍና የሚመሰክር ብቸኛ ነገር እሱ ነበርና። ቀኖናው ሲታዘዝበት ግን ሌላ የሚሠራው አላጣም፣ እጁ ሌላ አልችል አለ እንጂ። ድንጋይ ካቢ ነው።

በዚያ ዳገት በክረምት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉም ከቆላው ይነሣል። መጀመሪያ የሮቢት ሜዳ ይጠፋል፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ የራስ እጅ። ያብስራ በዚያች ሰዓት መዶሻውን ከነጠላው ሥር አድርጎ ይወጣል፤ አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል። የቤቱ ዓይን «ወጣ፤ ምክንያት አልገለጸም» ብላ ትመዘግባለች። የናሆም ማሳ ዓይን ደግሞ የሰው መልክ እንዳታይ በሕግ ተከልክላለች። የተሠራውን ታያለች፣ የሠራውን አታይም፤ በማን መሬት ተሠራ እንጂ በማን እጅ ተሠራ አትልም።

የፈረሰውን አፍርሶ ከመሠረቱ ጀመረ። ትልልቁን ከታች አገላብጦ አስተኛ፣ ፊቱን ወደ ዳገቱ ትንሽ አጋደለው፣ ጠጠሩን ከጀርባ ሞላ። እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ እያንዳንዱን ድንጋይ ሲያነሣ ናሆምን በልቡ ይሰድበው ነበር። በስምንተኛው ቀን የላይኛው ብርሃን ከረር አለ። አራት መቶ አርባ። ሶልያና፣ ሚስቱ፣ ከደጅ ሆና ወደ ላይ ቁጥሩን እያነበበች «ሰውየውን ድንጋይ እንኳ ይታዘዘዋል» አለች። ያብስራ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ናሆም ጧት ጧት ደጁ ላይ ቆሞ «ካቡ ቆሟል» ይላል። «ካብኩት» አይልም። ያብስራ ከታች ሆኖ ይህን ይሰማና፣ ይሄ ደግሞ ትሕትናው ነው፣ በማይደክምበት ትሕትና ይመጻደቃል ይላል ለራሱ። አምስት መቶ ሆኑ። ከዚያ አምስት መቶ ስድሳ። ሥራው ባማረ ቁጥር ለዚያ ሰው ይጨምርለታል፤ ላበላሸው ቢል ደግሞ እጁ እሺ አይለውም። አንድ ቀን ድንጋይ ሆን ብሎ አጣሞ አስቀምጦ፣ መንገዱን አጋምሶ፣ ተመልሶ አስተካከለው።

ነሐሴ ገባ፣ የፍልሰታ ጾም ተያዘ። ከካቡ ሥር አንድ ዝርግ ድንጋይ ላይ ቆሎ በሳህን፣ ውሃ በማንቆርቆሪያ ተቀምጦ አገኘ። አንድ ቀን አለፈው። በሁለተኛው ቀን፣ የእነዚህ ሰዎች ጥጋብ ምግብ በየሜዳው እስከ መርሳት ደረሰ ብሎ ጾሙን በዚያው ቆሎ ፈታ። ደህና ተቆልቷል። በዚያ ቆሎም ቀና።

ሶልያና ደግሞ የራሷ ነገር ነበራት። ባሏ በየቀኑ በዚያችው ሰዓት ይጠፋል፤ ሲመለስ ልብሱ እርጥብ ነው፣ ፊቱ ቀልቷል፣ የት ነበርክ ስትለው ይቆጣል። ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ባለ ጠላ ቤት ስም አንሥታ ጣለች። እሱ እርጥብ ነጠላውን ሊያሰጣ ወጣ። እሷም ከዚያ ወዲያ የዘጠኝ ሰዓቱን ጉም ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትተኛለች፣ አትተኛም እንጂ።

ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ናሆም ያብስራን ዛፍ ሥር አስቀረው። ሲቀመጥ እጁን ድንጋዩ ላይ ተክሎ ቀስ ብሎ ነው፤ ያብስራ ይህን እርጋታ ነበር የሚጠላው።

«ያብሴ፣ ለሰው ያልነገርኩትን ልንገርህ» አለ። «ወገቤ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ጫማዬን እንኳ የማወልቀው እግዜርን እየለመንኩ ነው።»

ደብቆት እንደኖረ ነገረው። የማይሠራ ገበሬ ባለድርሻ አይቆይለትም፤ የሚስቱ መድኃኒት የሚመጣው ደግሞ በእነሱ ነው፣ ቁጥሩ ቢወርድ ይቀራል። ካቡ ሲፈርስ እያየ ማቆም አልቻለም። በሥላሴ ዕለት ለሩፋኤል ተሳለ። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ መነሣት ጀመረ።

«በጉሙ ነው የሚመጣው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መዶሻው ይሰማኛል። እኔ መስኮቱን ዘግቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ፣ እንዳላስቀይመው። ቆሎ አስቀምጥለታለሁ።»

ያብስራ ነጠላውን ወደ አፉ ሳብ አደረገ። «ይበላዋል?» አለ።

«ጥርግ አድርጎ።»

«መልአክ ቆሎ ይበላል እንዴ?»

«በኦሪት መላእክት ወደ አባቶች ቤት እንግዳ ሆነው ሲመጡ ጥጃ በልተው የለም? ለእኔ በጾም መጣ፣ ቆሎ በላ።» ናሆም እንባውን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «እኔ እኮ ባንተ ስቀና ነው የኖርኩት። ድንጋዩን ብድግ አድርገህ ትከሻህ ላይ ስትጥለው በመስኮት እያየሁ ጥርሴን ነክሻለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አሁንስ ቅናቱ ተወኝ።»

ያብስራ ቤቱ ሲገባ ሶልያና ምን ሆነሃል አለችው። ራሴን አሞኛል አለ።

ጾሙ በተፈታ ማግስት የባለድርሻዎች ጎብኚ መጣች። ወይዘሪት ሐሴት ትባላለች፤ ጭቃ ያልነካው የዝናብ ካፖርት የለበሰች፣ ለስላሳ አነጋገር ያላት ልጅ ናት። በደንቡ መሠረት የላይኛው ጎረቤት ለታችኛው ምስክር ይቆማልና ናሆም አብሯት ወረደ፣ አንድ እጁ ወገቡ ላይ። ሶልያና ወንበር አወጣች።

ወይዘሪት ሐሴት የመጣችው በደስታ ነበር። የአርባ ምንጭ ነርሶች ያቋቋሙት አንድ ትንሽ ማኅበር ይህን ቤት እየተመለከተ ነው አለች። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ፈልገዋል። የተዝካሩን ጭስ አይተውታል፣ ይቅር ሊሉት ፈቅደዋል። ዛሬ ከገቡ ማሸጋገሩ ቀረ። የከለከላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሠላሳ ስምንት ያልተገለጹ ሰዓታት አሉ፣ አቶ ያብስራ። ሁሉም ከዘጠኝ እስከ አሥር። የት እንደነበሩ ይንገሩኝና እመዘግበዋለሁ። ሠርተውም ከሆነ፣ በሌላ ሰው መሬትም ቢሆን፣ ምግባሩ ከዚያ ቤት ተነሥቶ ወደ እርስዎ ይዞራል።»

እንዴት እንደሚዞር ዳገቱ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት የወንድሟ ልጅ የተከለላትን ችግኝ በራሷ ስም አድርጋ ተገኘች። በማለዳ ዘጠና ባለድርሻ ነበራት፤ ምሳ ሳይደርስ አንድም አልቀረ። አሁን ሮቢት ነች።

ያብስራ አፉን ከፈተ። ሶልያና በእጇ የያዘችውን ጨርቅ እየጠመዘዘች ታየዋለች፤ የሴቲቱን ስም እየጠበቀች ነው። ናሆም ደግሞ ለጎረቤቱ ደስ ብሎት፣ በል ተናገር፣ እንደሚል ሰው አገጩን ወደ ፊት ገፋ አድርጓል። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበረ። ካቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። አምስት ቃል አይሞላም። የዚያ ሁሉ ቁጥር ብርሃን ከላይ ተነሥቶ ታች ይወርዳል፤ ያ ሰው መልአክ አልመጣለትም፣ የመጣው ያብስራ ነው፤ በሚስቱም ፊት ይታወቃል። በሕይወቱ እንዲህ የጣፈጠ ነገር ምላሱ ላይ ኖሮ አያውቅም። ስለ ጣፈጠውም ፈራው።

መዋሸት አይችልም። ዝም ቢልም እንደ ውሸት ይቆጠራል። በእነዚያ ሰዓታት ምን ይሠራ እንደነበር ውስጡን ፈለገና፣ እውነት የሆነ አንድ ሌላ መልስ አገኘ።

«ስቀና ነበር» አለ።

ልጅቱ ቀና አለች። «ይቅርታ?»

«በሰው ስቀና ነበር።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ?»

«በየቀኑ።»

ዝርዝሯን ወደ ታች ወደ ላይ አየችው። ለዚህ የሚሆን ቦታ ስላልነበረ «የመንፈስ አለመረጋጋት» ከሚለው ሥር አገባችው። አዝናለች፤ እጁን በሁለት እጇ ጨብጣ ነው የተሰናበተችው። ነርሶቹ እሷ መንገዱ ላይ ሳትደርስ ሐሳባቸውን ለወጡ።

ናሆም አልሄደም። በማን ነው የምትቀናው ብሎ ጠየቀው፣ ያብስራም በአንተ አለው። ናሆም ትከሻውን አቀፈውና ብቻውን ወደ ላይ ወጣ። ሶልያና እሱ እስኪርቅ ጠበቀች።

«ሴት ብትሆን ይሻል ነበር» አለች። «ሴት ብትሆን አልቅሼም ተሳድቤም ይወጣልኛል። በቅናት ቤት ይፈታል?»

ያብስራ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጠላውን ለብሶ ወጣ። በማግስቱም ወጣ። አርባው ሞላ፤ የመጨረሻውን ረድፍ ደፋበት።

መኪናው የመጣው ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ነው። ከጧት ጀምሮ ዝናብ ሲወርድ ውሎ ልጆች በየደጁ ተጠምቀውበታል። ሾፌሩ በእርግጥም ትሑት ነበር፤ አልጋውን ሲጭን ይቅርታ እየጠየቀ ነው። ያብስራ የአባቱን ማሳ ለማየት ዞር ሲል ናሆም ክንዱን ያዘው።

«ሳትሄድ ካቡን እይልኝ። አንተ ድንጋይ ታውቃለህ። የማን እጅ እንደሆነ ንገረኝ።»

ከጎኑ ቆሙ። ናሆም እንደ ጽላት በሩቁ ነው የሚያየው። ያብስራ ግን ቀረብ አለ፤ ማየት የለመደው ዓይኑ ሳያዝዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆመ። ድንጋዩ ፊቱ ላይ አልቧል። ከጀርባው የዕለቱ ዝናብ ሞልቶ፣ መውጫ አጥቶ፣ ካቡን እየገፋ ነው። ቀዳዳ አልተወለትም። አርባ ቀን ሙሉ እየተቆጣ ሲክብ፣ ተማሪም የማይዘነጋውን የውሃ መውጫ ዘንግቷል። እንዲህ ከሆነ ካቡ መስከረምን አያይም።

«እዚህ ጋ ተሳስቷል» አለ። «ውሃ የሚወጣበት አልተወም። አንድ ድንጋይ መነቀል አለበት።»

ናሆም ክንዱን ለቀቀው። «ተሳስቷል?»

«ስህተት ነው።»

«መልአክ አይሳሳትም። ይህን የምትለው ቀንተህ ነው፣ ያብሴ። ራስህ በአፍህ ብለኸዋል።»

ያብስራ ሊመልስለት ፈልጎ ውስጡን አየ። እውነት ነው፣ ቀንቷል። ናሆም በልጅነት እንኳ ለማንም ሰው ባላሳየው ዓይን ያን ካብ ሲያየው፣ ያብስራ እንዲህ ሥራው በሚታይለት በዚያ በማይታየው ሠራተኛ ነው የቀናው። ለእኔ ማን መጥቶልኝ ያውቃል አለ በልቡ። ለእኔ ማን መስኮት ዘግቶልኝ ያውቃል።

ጉሙ ከሮቢት በኩል ተነሣ። መንገዱን ዋጠ፣ መኪናውን ዋጠ። ናሆም ፊቱ ተለወጠ፤ ሰዓቱ ነው፣ እንሂድ፣ ዛሬ ደግሞ በዓሉ ነው፣ እንዳንጋፋው ብሎ ጎተተው። ያብስራ ቅደም፣ እደርስብሃለሁ አለው። ናሆም ወገቡን ይዞ ሲያዘግም በጉሙ ውስጥ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ የመስኮት መዝጊያ ሲገጥም ተሰማ።

ዛሬ ማንም ያዘዘው ቀን አልነበረም። ያብስራ መዶሻውን ከመኪናው አውርዶ መጣ። መንገዱ ላይ ሾፌሩ በትሕትና አንዴ ጥሩምባ ነፋ፤ ሶልያና ትንሽ ይታገሡት ስትለው ይሰማል። ያብስራ በጉልበቱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፣ ከሦስተኛው ረድፍ መካከለኛውን ድንጋይ በእጁ ዳሰሰና ሦስት ጊዜ ከጎን መታው። ድንጋዩ ተነቃነቀ። ቅናቱ እንዳለ ነበር፣ ደረቱ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ ግን ሥራውን ያውቃል። ድንጋዩን ሲስበው ውሃው ጭቃውን ይዞ ፊቱ ላይ ፈሰሰ፤ ቆይቶም ጠራ።